መጠይቁን ሰላምታ ያደረግሁበት ቀን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሶፋዬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍም ንቃትም ያልሆነ ነገር ይወስደኛል። ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ ኩን ራፒድስ ያለው አፓርትመንቴ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ በረዶ በጣለ ማግሥት ብርሃኑ ከመሬት ተነሥቶ ጣሪያዬ ላይ ይንቀጠቀጣል። ልጄ ትደውልና «ማም፣ ወር ዩ ስሊፒንግ?» ተኝተሽ ነበር ወይ ትለኛለች። «አይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እላታለሁ። ትስቅብኛለች፤ እኔ ግን አልዋሸሁም። ዓይኔን ስጨፍን ክሊኒኩ ይመጣል። በሽተኞቹ ግማሾቹ በዊልቸር፣ ግማሾቹ ገና በእግራቸው በር ላይ ቆመው ስማቸውን እስክጠራ ይጠብቃሉ። አብዛኞቹ ካረፉ ቆይተዋል። ስማቸውን ስጠራ ግን ቀስ ብለው ይገባሉ፤ እኔም ደህና አደራችሁ እላለሁ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ነርስ ነበርኩ፤ ሠፈሩ ሁሉ ሲስተር የሺ ይለኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ሲስተርነቴ ከሻንጣ ሳይወጣ ብዙ ቆየ። መጀመሪያ ብሉሚንግተን ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠፍኩ። አለቃዬ ስለ ትራስ ብዙ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ስለ ሌላ ነገር ሲናገር አልሰማሁትም። ከዚያ ቡርንስቪል የአረጋውያን መጦሪያ ገባሁና ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ ሳበላ ስድስት ዓመት ሄደ። የነርስነት ፈቃዴን እንደገና ለማውጣት የሞላሁትን ወረቀት ካነሣሁት እናደዳለሁና ልተወው። ፈቃዱ ግን ወጣ፤ ደሞዙም ከዚያ በኋላ ደህና ሆነ። መጦሪያው ያስተማረኝ ትልቁ ነገር፣ ሰው ሲለወጥ መጀመሪያ የሚያውቀው አጥቦ የሚያለብሰው ሰው መሆኑን ነው። ሐኪሙ ኋላ ነው የሚደርሰው።

ይኸው ነገር ነው ሚኒያፖሊስ ወዳለው ክሊኒክ የወሰደኝ። ክሊኒኩ ኤኤልኤስ የሚባለውን በሽታ ይከታተላል። በዚህ በሽታ ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ፤ እጅ ይሰንፋል፣ እግር ይከዳል፣ ምላስ ይከብዳል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ያጥራል። እኛ ስንማር «አእምሮን አይነካም» ተብለን ነበር፤ ቤተሰብም የሚጽናናው በዚሁ ነበር። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። አንዳንዱ በሽተኛ ላይ ሐሳቡም ጠባዩም ይነካል፤ አንዱ ላይ ፈልገው እስኪያጡት ድረስ በጥቂቱ፣ ሌላው ላይ ትዳር እስኪያናጋ ድረስ። የኔ ሥራ ያንን ቀድሞ መፈለግ ነበር። ለበሽተኛው ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ፈተና፣ ከዚያ ለአስታማሚው ለብቻው የሚቀርቡ ጥያቄዎች።

ሥራውን ያስተማረችኝ ካረን ናት። የሥነ ልቦና ሐኪም ነች፤ ከሰሜን ከእርሻ አገር የመጣች ረጅም ሴት፣ ዝምታዋ መጀመሪያ ኩራት የመሰለኝ። በሽተኛው ሳይገባ በፊት እሷ ትገባና እሱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ብርሃኑ ዓይን ይወጋ እንደሆነ፣ ከኮሪደሩ የሚመጣው ድምፅ ይረብሽ እንደሆነ ታያለች። መጋረጃውን ትንሽ ትስባለች፣ ጠረጴዛውን በጉልበቷ ገፋ ታደርጋለች። ሥራ ስጀምር ይህች ሴት ሥራ ፈት ናት እንዴ ብዬ ነበር። ኋላ እኔም እንደ እሷ ቀድሜ መቀመጥ ለመድኩ፤ ያቺ የባዶ ክፍል ደቂቃ አሁንም በሕልሜ ትመጣለች።

ሰዓት አያያዟ ደግሞ ሌላ ነበር። በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ጻፍ ሲባል፣ እጁ የሰነፈ ሰው አሥር ቃል አስቦ አራት ብቻ ሊጽፍ ይችላል። ታዲያ የዘገየው እጁ ነው ወይስ ሐሳቡ? ካረን እነዚያኑ አራት ቃላት መልሶ እንዲገለብጣቸው ታደርግና ሰዓት ትይዛለች። መገልበጡ የፈጀውን ጊዜ ከፊተኛው ትቀንሳለች፤ የሚተርፈው የማሰቢያ ጊዜው ነው። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳ የነበረ ሰውዬ መጣ፤ ምላሱ ሙሉ በሙሉ ታስሯል፣ የሚታዘዝለት የግራ እጁ አንድ ጣት ብቻ ነው፤ በሷ ፊደል እየነካ ይጽፋል። ወንድሙ እዚያው አጠገቡ ቆሞ «አሁን ብዙም አይገባውም» እያለ ያወራ ነበር። ሰዓቱን ስንቀንስ የሰውዬው ሐሳብ ከኔ ይፈጥን ነበር። ውጤቱን ስናነብለት ያቺን አንድ ጣቱን አንሥቶ ወደ ወንድሙ ጠቆመ። ካረን ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አስታማሚን ስትጠይቅ ግን ወንበር የሚባል ነገር አትወድም። ከተማው መሀል ሕንፃና ሕንፃ የሚያገናኙ፣ በመስታወት የተሸፈኑ ድልድዮች አሉ፤ ስካይዌይ እንላቸዋለን። ክረምቱን ሰው በነሱ ውስጥ ነው የሚሄደው። ካረን አስታማሚዋን «ነይ ትንሽ እንራመድ» ትልና እዚያ ይዛት ትወጣለች። ከታች መኪና ያልፋል፣ ከላይ በረዶ ይወርዳል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። «ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ከጠየቅሽው ይመልስልሻል፤ አብረሽው ከሄድሽ ይነግርሻል» ትለኝ ነበር። «ጠባዩ ተለውጧል ወይ?» አትልም። «ትናንት ምሳ ላይ ምን ሆነ?» ትልና ዝም ትላለች። ዝምታው ይረዝማል። እኔ መሙላት ያምረኛል፣ እሷ አትሞላውም።

ይህን ሁሉ ዓመታት ሳይና ስሠራበት ኖሬ ነው እንግዲህ ያን ስህተት የሠራሁት።

ጋሽ ወርቅነህ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የአንድ እድር ሰዎች ነን። እድራችን ውስጥ ለቅሶ ሲደርስ ቀድመው የሚመጡት፣ ወንበር የሚሸከሙት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከሐዘንተኛው አጠገብ የማይነሡት እሳቸው ነበሩ። ሲያጽናኑ ብዙ አይናገሩም፤ እጃቸውን ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ይቀመጣሉ፣ ይበቃል። የኔ ባል ያረፈ ጊዜ ያ እጅ የኔም ትከሻ ላይ ነበር። በሽታው ከእግራቸው ጀመረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ዊልቸር ላይ ሆኑ። ጥቅምት ላይ ባለቤታቸው እታገኝ እየነዳች ወደ ክሊኒካችን አመጣቻቸው።

የእሳቸውን ፈተና አስተርጓሚ ባለበት ካረን አስፈተነች፤ ቋንቋቸውም ትዝታቸውም ደህና ነበር፣ አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ትንሽ ዘግየት አሉ። እታገኝን መጠየቅ የኔ ፋንታ ሆነ። «አማርኛ ተናጋሪ ናት፣ ታውቂያታለሽ፣ ካንቺ ጋር ይቀላታል» ተባለ። እኔም አዎ አልኩ።

ስካይዌዩ ላይ ይዣት መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ትንሿ ክፍል ውስጥ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ አምስት ነገር ይጠይቃል፦ ይሉኝታ አጥቷል ወይ፣ ድሮ የሚወደው ነገር ላይ ፍላጎቱ ጠፍቷል ወይ፣ ለሰው ሐዘንና ደስታ ግድ የለሽ ሆኗል ወይ፣ አንድ ነገር እየደጋገመ ያስቸግራል ወይ፣ አበላሉ ተለውጧል ወይ። ጥያቄዎቹን አየሁ፣ እሷን አየሁ። እሳቸውን የመሰሉ ሰው፣ የኔን ለቅሶ የተቀመጡ ሰው! ነገ እድር ላይ በምን ዓይኔ አያታለሁ አልኩ። ከዚያ አፌ እንዲህ አለ፦

«እታገኝ፣ ጋሽ ወርቅነህ ያው እንደ ድሯቸው ናቸው አይደል? ጠባያቸው፣ ምግባቸው፣ ጨዋታቸው፣ ሁሉ ደህና?»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

አምስቱም ጥያቄ ፊት «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እኛ ስንገናኝ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ጤናው እንጠያየቃለን፤ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን መልሱ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። መጠይቁን ሰላምታ አደረግሁት፤ እሷም እንደ ሰላምታ መለሰችልኝ። ይባስ ብሎ ገበናዋን የሸፈንኩላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

የካቲት ላይ የእታገኝ እናት አገር ቤት አረፉ። መርዶ በስልክ አይነገርምና ቅዳሜ ማለዳ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበን ቡርንስቪል ቤታቸው ሄድን። በረዶው ጉልበት ይደርስ ነበር፤ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በካልሲ ገባን፣ የእግራችን ድምፅ እንኳ አይሰማም። ይህን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ስታይ ገባት። «እናቴ ናት?» አለች። የእድሩ ሊቀመንበር አንገቱን ደፋ። ጮኸች፣ ወለሉ ላይ ወደቀች፣ ሴቶች ያዝናት።

ጋሽ ወርቅነህ ሳሎኑ መሀል ዊልቸራቸው ላይ ነበሩ። ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝ ኳስ ያሳያል። አማታቸውን «እማማ» እያሉ ነበር የሚጠሩት፤ ሠርጋቸው ላይ ጉልበታቸውን የሳሙ ሰው ናቸው። ሁላችንም እሳቸው ምን እንደሚሉ ጠበቅን።

«ኳሱ አልሰማ አለኝ» አሉ፣ ምላሳቸው እየተጎተተ። «ድምፅ ጨምሩልኝ።»

«ዳድ! ሲሪየስሊ?» አለች ልጃቸው ከደረጃው ላይ።

እሳቸው ዓይናቸውን ከኳሱ አልነቀሉም። «ድምፅ!» አሉ እንደገና።

እታገኝ ለቅሶዋን አቋረጠች። ከጩኸቷ ይልቅ ያስፈራኝ ያ ነው። ከወለሉ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሪሞቱን አነሣችና ድምፁን ጨመረችላቸው፤ ከዚያ መኝታ ቤት ገባች። ኩሽና ውስጥ አንዷ ሴትዮ «ድሮም ልቡ እንዲህ ነበር ማለት ነው» ስትል ሰማሁ። ልቡ እንዲህ እንዳልነበረ ትከሻዬ ያውቃል። ከመጠይቁ ሦስተኛው ጥያቄ ቁልጭ ብሎ መጣብኝ፤ ለሰው ሐዘን ግድ የለሽ ሆኗል ወይ። ፊት ለፊቱ «የለም» የሚል ቃል አለ፤ የኔ እጅ ጽሕፈት ነው።

ተከትያት ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ሠላሳ ዓመት ከማን ጋር እንደኖርኩ ዛሬ አየሁ» አለችኝ። «አስታምመዋለሁ፤ አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ። ከእንግዲህ ግን ቃል አልተነፍስለትም። እስኪሞት።»

«በሽታው ይሆናል» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ምን ይዤ ልንገራት? በሽታው ጠባያቸውን አልነካም ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አቀፍኳት፤ አለቀስኩ። ሴቶቹ ለእናቷ ያለቀስኩ መስሏቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ካረን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ብዙ አየችው።

«እነዚህን ማን መለሰ?» አለችኝ። «እታገኝ ናት ወይስ አንቺ?»

ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀዶ መጣል፣ ማጥፋት የለም። አምስቱ ላይ አንድ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረችኝ፣ ከሥሩ ያለው ቃል እንዲነበብ ሆኖ፤ ጎኑ ላይ ቀንና ፊርማዬን አስጻፈችኝ። «እንደገና ልጠይቃት?» ስላት «አይሆንም» አለች። «አንቺ እድርተኛዋ ነሽ፤ ሁለታችሁም ተደባብቃችኋል። በስልክ፣ ከሌላ ስቴት፣ ፊቷን የማያውቅ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።» ቅር አለኝ። ከዚያ ቅር ማለቴ አሳፈረኝ።

በዚያው ሳምንት እታገኝ መጣች። ካረን አስተርጓሚው ያለበትን ስልክ እንደ ሻይ ብርጭቆ በሁለት ጣቷ ይዛ ስካይዌይ ይዛት ወጣች። እኔ መጠባበቂያው ክፍል መስኮት ጋ ቆሜ አየኋቸው። በረዶው ትላልቁ፣ ቀስ ብሎ የሚወርደው ዓይነት ነበር፤ ድልድዩ በመሀሉ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ሁለት ሴቶች ወዲያ ሄዱ፣ ወዲህ ተመለሱ። ከመሀል እታገኝ ቆመችና እጇን መስታወቱ ላይ አደረገች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ብዙ ብዙ ይንቀሳቀሳል። ካረን ዝም ብላለች። አንድ ቃል አልሰማሁም፤ ያም ሆኖ ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ነበር። ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ጠፋኝ፤ የቆምኩበትን ቦታ ረስቼው አንዷ ነርስ ስሜን ስትጠራ ደነገጥኩ። አሁንም ሶፋዬ ላይ ሳንቀላፋ ከሁሉ የሚዘወትረው ይኸው ነው፦ ድልድዩ፣ በረዶው፣ ድምፅ የሌለው አፏ።

ሐኪሙና ካረን አንድ ላይ ሆነው ለእታገኝ ሲያስረዷት እኔም ተቀምጬ ነበር፤ ስህተቱ የኔ መሆኑን ራሴ ልነግራት ፈልጌ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ከልጃቸው ጋር ውጭ ናቸው። በሽታው ጡንቻቸውን ብቻ ሳይሆን ከፊት ያለውን የአእምሮ ክፍል መንካቱን ነገሯት። የሰውን ሐዘን የሚያቀብለው እሱ ነው። አላዝንም ብለው ሳይሆን ማዘን ስለማይመጣላቸው ነው።

እታገኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «እኔ ሳለቅስ ያየኛል?»

«ያይሻል» አለች ካረን፣ የስልኩ ድምፅ ወደ አማርኛ እየመለሰው። «ማልቀስሽንም ያውቃል። ሐዘንሽ ግን እሱ ጋ አይደርስም።»

እታገኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ «ደህና ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ከነጠላዋ ሥር «ተይው፣ እኔም እኮ አልነገርኩሽም» አለች። ያቺን ቃል ይዤ ቀለል ብሎኝ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያላቸው ጊዜ ሁለት ወር ነበር። ልጠይቃቸው ስሄድ እታገኝ ከዊልቸሩ አጠገብ ወንበር አስጠግታ ኳስ ታያለች። ስለ ኳስ የምታውቀው ነገር የለም፤ «ይኼ ዳኛ ምን ነካው?» ትላለች ዝም ብላ። ጋሽ ወርቅነህ ሳያዩዋት «ኦፍሳይድ» ይሏታል። ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ በር ላይ ትቀበልና «የሚላችሁን አትቀየሙ፣ በሽታው ነው» ትላለች፣ ሳታፍር፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። የእናቷ አርባ ሲደርስ ሳሎኑ ውስጥ አለቀሰች፤ እሳቸው ኳሳቸውን አዩ፤ እሷ ራሷን ጉልበታቸው ላይ አስደግፋ አልቅሳ ጨረሰች። ይህንን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ሚያዝያ ላይ አረፉ። ቤቱ በሰው ሞላ፤ ወንበሩን ሌላ ሰው ተሸከመው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲቀንስ እኔና እታገኝ ኩሽና ቀረን። እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ እሷ ታደርቃለች። ሐዘንተኛ አይሠራም ብላት «ቁጭ ስል ይብስብኛል» አለችኝ። መስኮቱ ተከፍቷል፤ በረዶው ቀልጦ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። በመሀላችን የመጣውን ዝምታ ለመሙላት አልቸኮልኩም።

«ያን ቀን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር እኮ» አለች።

ቁጣ የለባትም። እጄ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«ጥቅምት ላይ?»

«ጥቅምት ላይ። ከዚህ እስከ ክሊኒኩ እየነዳሁ፣ እሱ ከጎኔ ቁጭ ብሎ፣ እኔ በሆዴ ስለማመደው ነበር። ከየት እንደምጀምር፣ ምን እንደምል። ለፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጌ እነግራቸዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንቺ ስትገቢ ‹ተመስገን፣ የኔ ሰው አለች› አልኩ። ሁሉ ደህና አይደል ስትዪኝ ግን በሽታው አይደለም ማለት ነው ብዬ ዋጥኩት።»

ተደባብቀናል ስንል የነበረው ውሸት ነው። የደበቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሷ ልትነግረኝ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

«ምን ልትዪኝ ነበር?» አልኳት።

ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው፤ ንጹሕ ነው። አስቀመጠችው።

«‹ባሌ የት ሄደ?› ልልሽ ነበር።»